ጓሳን ለመዝጋት ጓሳን መክፈት

ጥርሴ ባይታመም ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር። ዛሬም ሳስበው ከየት ተነሥቼ የት እንደደረስኩ በቅጡ አይገባኝም። እናንተ ከገባችሁ ትነግሩኛላችሁ ብዬ ከመጀመሪያው ላውጋችሁ።

በመንዟ ከተማ በመሐል ሜዳ ካሉት ቢሮዎች በአንዱ፣ የትኛው እንደሆነ ይቅርብኝ፣ የመኖ ባለሙያ ነበርኩ። በግ ምን ይበላል ብትሉኝ እነግራችኋለሁ። የቀረው የዓለም ነገር ብዙም አይመለከተኝም ነበር። ታዲያ አንድ ኅዳር የመንጋጋ ጥርሴ ሦስት ቀን ሙሉ አላስበላ አላስጠጣ ስላለኝ በሚኒባስ ደብረ ብርሃን ሄጄ አስነቀልኩት። በማግሥቱ ጉንጬ አብጦ፣ አፌ በጥጥ ተጠቅጥቆ ቢሮ ስገባ ባልደረቦቼ ብድግ ብለው አጨበጨቡልኝ። ጥርስ በመንቀል ይህን ያህል ይከበራል ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ።

ለካ እኔ ጥርስ ሳስነቅል እነሱ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ኃላፊያችን አቶ ደምሰው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝና «እንኳን ደስ ያለህ! የአየር ንብረት ለውጥ ፎካል፣ ተጠሪያችን ሆነሃል» አሉኝ።

«እ?» አልኩ። በጥጥ ውስጥ ከዚያ የበለጠ ቃል አያልፍም።

«አገራችን ከአየር ንብረት ለውጥ ጋር የምትጣጣምበትን ዕቅድ እያወጣች ነው። ሁሉም ወረዳ የድርሻውን አዘጋጅቶ ይልካል። የእኛን አንተ ታዘጋጃለህ። ተቃውሞ ካለህ አሁን ተናገር።»

አፌን ከፈትኩ። ጥጡ ወደ ጉሮሮዬ ሊገባ ስለነበር መልሼ ዘጋሁት። አቶ ደምሰው ወደ ቃለ ጉባኤ ያዡ ዞር ብለው «ያለ ተቃውሞ ተቀብሏል፤ ጻፈው» አሉ። ተጻፈ። እንግዲህ በቃለ ጉባኤ የተጻፈን ነገር ማን ይፍቀዋል?

ብዙም ሳይቆይ ለሥልጠና ደብረ ብርሃን ተጠራን። አሠልጣኙ ከረባት ያሰረ፣ ጨዋ ወጣት ነው። ግድግዳው ላይ በቀይ የተቀባ የዓለም ካርታ አበራና «እንግዲህ ምድራችን እየሞቀች መሆኑን ሁላችንም እናያለን» አለን። እኛ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ በካፖርታችን ላይ ጋቢ ደርበን፣ እጃችንን ብብታችን ውስጥ ወሽቀን ነው የምናየው። አጠገቤ የተቀመጠው የጎረቤታችን የጊሼ ወረዳ ፎካል እጁን ከብብቱ በግድ አወጣና «ይቅርታ፣ ሙቀቱ እኛ ጋ የሚደርሰው በስንተኛው ሩብ ዓመት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ለቀልድ አልነበረም፤ ዕቅዱ ውስጥ ሊያስገባው ነበር።

በሁለተኛው ቀን ቅጹ ታደለ። ቅጹን ያወጡት ለታዳጊ አገሮች ሁሉ አንድ ላይ ነው አሉ፤ እኛ የደረሰን ትርጉሙ ነው። ሠላሳ አንድ ዓምድ አለው። ጠረጴዛ ላይ ስዘረጋው ጫፉ ጭኔ ላይ ወደቀ። ሕጉ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ባዶ ቦታ መተው ክልክል ነው። ሁለተኛ፣ «በቁጥር» በተባለበት ከቁጥር በቀር ፊደል አይገባም።

እስከ ስድስተኛው ዓምድ እየተንገዳገድኩም ቢሆን ሄድኩ። ሰባተኛው ላይ ቆምኩ። «የወረዳው የባሕር ጠረፍ ርዝመት በኪሎ ሜትር፣ በቁጥር» ይላል። ልብ አድርጉ፣ የምናወራው ስለ መንዝ ነው። ቢሆንም የመንግሥት ወረቀት በመንግሥት ቋንቋ ሲጠይቀኝ ራሴን ተጠራጠርኩ። ምናልባት የማላውቀው ነገር ይኖር ይሆን? የቢሯችንን አሮጌ ካርታ አውርጄ በመስኮት ብርሃን አየሁት። ባሕር የለም። «የለም» ብዬ ጽፌ ላክሁ። በሳምንቱ «ዓምድ ሰባት በቁጥር ይሙላ» የሚል ማስታወሻ ተለጥፎበት ተመለሰ። «ዜሮ» ብዬ በፊደል ጻፍኩ። ተመለሰ። ክብ አድርጌ 0 ጻፍኩ። አለፈ! ያን ቀን ከደስታዬ ብዛት ቤቴ ሄጄ ለባለቤቴ ለሸዋዬ «መንዝ ባሕር እንደሌለው ተቀባይነት አገኘ» ብዬ ነገርኳት። ጥርስህን ሲነቅሉ ሌላም ነገር ነክተውብሃል መሰለኝ አለችኝ።

ዋናው መከራ ዓምድ አሥራ ዘጠኝ ነበር። «ወረዳው ድርቅን ለመቋቋም በአዲስ መልክ የሚጀምረው የማጣጣሚያ እርምጃ» ይላል። አዲስ መሆን አለበት። ከሥሩም «ተጀምሯል» እና «አልተጀመረም» የሚሉ ሁለት ሣጥኖች አሉ። ተጀምሯል ላይ ምልክት ካደረጋችሁ ዕቅድ አይባልም፤ ቅጹ ይመለሳል። እኔ ደግሞ አዲስ ነገር ከየት ላምጣ? አንድ ሳምንት ሙሉ እስክሪብቶ ስነክስ ከረምኩ። በቀሩት ጥርሶቼ ማለቴ ነው።

በመጨረሻ እሑድ ቀን ተነሥቼ አማቴ ዘንድ ሄድኩ። የሸዋዬ አባት ጋሽ ወንድአፍራሽ ከጓሳ አፋፍ ሥር ነው የሚኖሩት፤ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ጓሳን ለማታውቁት፣ ከመንዝ ሁሉ በላይ ያለ ሰፊ ደጋ ነው። ስሙን የሰጠው ረጅሙ ሣር ለቤት ክዳን ይሆናል፣ ለገመድ ይሆናል፣ ለበግ ይሆናል። አጥር የለውም፤ በር የለውም። ግን ይዘጋል። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው «ተዘግቷል» ካሉ ሦስትም አራትም ዓመት በግ አይገባበትም፤ ማጭድ አይነካውም። ክፉ ቀን ሲመጣ ደግሞ እነሱው ይከፍቱታል። አማቴ ከነዚያ ጠባቂ ሽማግሌዎች አለቃው ናቸው።

ስደርስ በጎቻቸውን ወደ ጋጣ እያስገቡ ነበር። አርባ ሦስት በጎች ነበሯቸው። በየምሽቱ ጋጣው አፍ ላይ ቆመው አንድ በአንድ ያሳልፏቸዋል። እስኪጨርሱ ድረስ ሰላምታ እንኳ አይመልሱም። የመጨረሻዋ ስትገባ «አርባ ሦስት» ብለው ተነፈሱና ሳሙኝ።

«ጋሼ፣ ድርቅ ሲመጣ ምን ለማድረግ ነው ያሰባችሁት?» አልኳቸው፣ ወረቀቴን አውጥቼ።

ግራ ገብቷቸው አዩኝ። «ጓሳን ዘግተን የለም እንዴ? ሦስት ዓመቱ ነው። ሣሩ ወገብ ደርሷል። በልጉ ከቀረ እንከፍተዋለን። አንተ አገሩን አታውቀውም?»

አውቀዋለሁ። ግን ጓሳ መዘጋቱ የማጣጣሚያ እርምጃ መሆኑን ማን አስቦት ያውቃል? ከደስታዬ የተነሣ የቀረበልኝን ቆሎ በተነቀለው ጥርሴ በኩል አኘክሁና እንባዬ መጣ። እሳቸው ግን የድሮ ነገር አስታውሰው መሬት መሬት ያዩ ጀመር። «ባለፈው መንግሥት ጊዜ ከላይ በመጣ ትእዛዝ ተከፍቶ ነበር» አሉኝ። «ሁሉም ገባበት። በሁለት ዓመት መላጣ ሆነ። ክፉው ቀን ሲመጣ የምንከፍተው አልነበረንም። ከስልሳ በጎቼ አራት ናቸው የቀሩኝ። ያቺ ሚስትህ ሕፃን ነበረች፤ ከአራቱ አንዷን አርጄላት ነው ያደገችው።» ይህን ሲሉ ድምፃቸው አልተለወጠም። እኔ ነኝ የምይዘው የምጨብጠው የጠፋኝ።

በማግሥቱ ዓምድ አሥራ ዘጠኝ ላይ «የጓሳን መስክ ዘግቶ ሣሩን ለድርቅ ጊዜ ማቆየት» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ሁለቱ ሣጥኖች አፈጠጡብኝ። እውነቱን ካልኩ ይመለሳል። የማስገቢያው ቀን ነገ ነው። እጄ ራሷ ሄዳ «አልተጀመረም» ላይ ምልክት አደረገች። ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ በቅጽ ላይ ዋሸሁ። እንዲያውም «የሚጀመርበት ጊዜ» ለሚለው «ጥር መጨረሻ» ብዬ ጨመርኩበት። ማን ያየዋል? ብዬ ነበር።

አዩት! ዞን አየው፣ ክልል አየው፣ አዲስ አበባ አየው። ጥር እንደገባ ጸሐፊያችን «ከአዲስ አበባ ነው፤ ቶሎ!» ብላ ጮኸች። ስልኩን አነሣሁ። «ይህን ድንቅ ሐሳብ ያመነጨው ባለሙያ ማን ነው?» ይላል አንድ ጎርናና ድምፅ።

እዚህ ጋ ሰው ከሆንኩ «ሐሳቡ የአባቶቻችን ነው» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ከሥራ ዘመኔ ሁሉ አንድ ቀን እንኳ «ድንቅ» ተብዬ አላውቅም። ከረባት የማላስረው ሰውዬ የሌለ ከረባቴን አስተካከልኩና «እኔ ነኝ ጌታዬ» አልኩ። አፍሬበታለሁ። ያኔ ግን አላፈርኩም፤ እንዲያውም ጸሐፊዋ እንድትሰማው ጮክ ብዬ ደገምኩት።

ድምፁ ቀጠለ። ጓሳ በአገር አቀፉ ዕቅድ ውስጥ በምሳሌነት ሊገባ ነው። የመዝጊያው ሥነ ሥርዓት በታላቅ ድምቀት ይካሄዳል። ትልቅ ባለሥልጣን ይመጣሉ፤ ከሌሎች ታዳጊ አገሮች ልምድ ሊቀስሙ የመጡ እንግዶችም አብረው ይመጣሉ። ሪባን ይቆረጣል። ከመዘጋቱ በፊት መስኩ እንዴት እንደተጎዳ የሚያሳይ ፎቶ ይነሣል፤ ከተዘጋ በኋላም እንዲሁ።

ስልኩን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። ላብ አጠመቀኝ፤ በጥር፣ በመሐል ሜዳ ብርድ! የዓለም ሙቀት የሚሉት በመጀመሪያ እኔ ጋ ሳይደርስ አልቀረም።

አቶ ደምሰው ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ተናዘዝኩ። «ጓሳ ከተዘጋ ሦስት ዓመቱ ነው። የተዘጋን እንዴት እንዘጋለን?» አልኳቸው። አቶ ደምሰው ክፉ ሰው አይደሉም። የሚፈሩት ግምገማን ብቻ ነው፤ እርሱን የማይፈራ ያኔ ማን ነበር? ጥቂት አሰቡና ፊታቸው በራ።

«ቀላል ነው። ለአንድ ቀን ይከፈታላ!»

«አልገባኝም።»

«ተከፍቶ ይዘጋል። ካልተከፈተ መዝጋት አይቻልም፤ አንተ ራስህ ነህ ያልከው።»

እኔ ያልኩት እንደዚያ ነበር? ሳስበው የነበረ መሰለኝ። «ፎቶውን ሌላ የተራቆተ ቦታ ብናነሣውስ?» ብዬ ሞከርኩ። አቶ ደምሰው ተቆጡ። «ማጭበርበር ነው እሱ! እኛ የምንሠራው በግልጽነት ነው። ጓሳ በትክክል ይከፈታል፤ በትክክል ይዘጋል። አማትህን አሳምናቸው።»

የሁለት ሰዓቱን መንገድ አራት ሰዓት አድርጌ ሄድኩ። ጋሽ ወንድአፍራሽ በትዕግሥት ሰሙኝ። ስጨርስ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ከዚያ «እርስዎ» አሉኝ።

ከሸዋዬ ጋር ከተጋባን ጀምሮ «ልጄ» እና «አንተ» ነበርኩ። አንቱ ያሉኝ ያን ቀን ነው። ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር።

«እርስዎ የመንግሥት ሰው ነዎት፤ የተማሩ ነዎት። አንድ ቀን የተከፈተ ጓሳ በሁለተኛው ቀን ምን እንደሚተርፈው ያውቃሉ። የመንዝ በግ ሁሉ ይገባል። ማጭድ ሁሉ ይገባል። ዘንድሮ ደመናውን አላዩትም? በልጉ አያምርም። እኔ ብቻዬን አልዘጋሁትም፣ ብቻዬን አልከፍተውም። ሽማግሌዎቹን እጠይቃለሁ። መልሳቸውን ግን አሁኑኑ ልንገርዎ፤ አይሆንም ነው።»

ቤቴ ስገባ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ሸዋዬ እጅዋን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች። «የአባቴን ጓሳ ከፍተህ የዚህን ቤት በር ከፍቼ እገባለሁ ብለህ እንዳታስብ» አለችኝ። ቁልፉንም ከኪሴ ወሰደችው።

አይሆንም መባሉን ለአቶ ደምሰው ልነግር በጠዋት ቢሮ ብደርስ፣ ማስታወቂያው ክብ ማኅተም አርፎበት በየቀበሌው ተበትኖ አገኘሁት። «ጓሳ በዕለቱ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ተከፍቶ፣ በአምስት ሰዓት የክብር እንግዶች በተገኙበት ሪባን ተቆርጦ ይዘጋል» ይላል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በየደብሩ ተነበበ። አንባቢዎቹ አንድም ቃል አላጎደሉም። ሕዝቡ ግን ለሁለት ሰዓት የተከፈተ ጓሳ ሰምቶ አያውቅምና «ተከፍቶ» የሚለውን ይዞ፣ የቀረውን ለመንግሥት ትቶለት ሄደ። ተሰብሳቢ ጠፍቶ እንዳላፍር ብዬ ስጨነቅ እንደነበርም አልደብቃችሁም።

ቀኑ ደረሰ። ገና ሳይረፍድ ወደ ጓሳ አፋፍ ስንወጣ አቶ ደምሰው «ሕዝቡ ምን ያህል ልማታዊ ነው!» እያሉ ይደሰታሉ። እኔ በጎቹን እያየሁ ነው። ከቀየት በኩል በግ፣ ከመሐል ሜዳ በኩል በግ፣ በአህያ ላይ የተጠመጠመ የጭነት ገመድ፣ በየሰው ብብት ሥር ማጭድ። ሦስት ሰዓት አልፏል፤ የከፈተ ግን የለም። ሽማግሌዎቹ ከሣሩ ዳር በረድፍ ቆመው፣ ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው ሕዝቡን ያያሉ። ጋሽ ወንድአፍራሽ መካከል ናቸው። ሕዝቡም እነሱን ያያል። የደፈረ የለም።

ችግሩ ሪባኑ ነበር። አቶ ደምሰው ባለቀይ ሪባናቸውን በሁለት ጅብራዎች፣ ሰው በሚያክሉ የደጋ ተክሎች መካከል፣ ልክ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ወጥረውታል። ጓሳ ከተፈጠረ ጀምሮ አጥር ሲኖረው የመጀመሪያው መሆኑ ነው። ሕዝቡም ነገሩ ገባው። ማስታወቂያው ሪባን ይቆረጣል ብሏል። አጥር ሲቆረጥ ደግሞ ምን እንደሚሆን ማንም ያውቃል፤ ይገባል! አንዱ ሰውዬ ለጎረቤቱ «ያ ቀዩ ነገር ሲቆረጥ ነው፤ በጎችህን ጠጋ አድርግ» ሲለው በጆሮዬ ሰማሁ። መቀሱ በትሪ ላይ፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ በእኔ እጅ ነው።

መኪኖቹ መጡ። ንግግር ተደረገ። ስለ ሐሳቡ አመንጪም ተነገረ፤ ስሜ ሲጠራ አማቴ ቀና ብለው አዩኝ። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከዚያ ባለሥልጣኑ ሽማግሌዎቹን በትሕትና ገለል አስደርገው ሪባኑ ፊት ቆሙና እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። ሕዝቡ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ። በጎቹም መጡ። አህዮቹም መጡ። ባለሥልጣኑ «ሕዝቡ እንዴት ነው በጉጉት የሚጠብቀው!» ብለው ፈገግ አሉ።

እኔ ጀግና አይደለሁም። ግን ያቺ ሕፃኗ ሸዋዬ፣ ከአራት በግ አንዷ የታረደችላት፣ ፊቴ ድቅን አለች። ትሪውን ይዤ ተደናቀፍኩ። ሆን ብዬ ነው። ከምር ግን ሳልፈልግም ተደናቀፍኩ፤ ሁለቱ ተገጣጠሙ። መቀሱ ብር ብሎ በሪባኑ ላይ አልፎ ወገብ በሚደርሰው ሣር ውስጥ ገባ። ሦስት ዓመት የተዘጋ ሣር መቀስ አይመልስም።

«መቀስ!» አሉ አቶ ደምሰው። «መቀስ ያለው ሰው!»

አሁን ሳስበው ያሳቅቀኛል። መቀስ የያዘ አልነበረም። ማጭድ ግን ነበር። ከየብብቱ ተመዝዞ «ይኸው ማጭድ! ይኸው ጌታዬ! የኔ የተሳለ ነው!» እያለ አገሩ ሁሉ ማጭዱን ሰቅሎ ወደ ባለሥልጣኑ ጎረፈ። ጠባቂዎቻቸው ደነገጡ። ባለሥልጣኑም ወደ ኋላ ሲሉ ሪባኑ ላይ ተደገፉ። ሪባኑ ተለጠጠ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ጌቶች» የሚል ድምፅ ተሰማ። ጋሽ ወንድአፍራሽ ናቸው። ዱላቸውን ከፍ ሲያደርጉ ማጭዱ ሁሉ ዝቅ አለ። «ይቅርታ ይደረግልኝና ያልገባኝ ነገር አለ። ዛሬ ይህን መስክ ልትዘጉ ነው አይደል የመጣችሁት?»

«አዎን አባቴ» አሉ ባለሥልጣኑ፣ እያለከለኩ።

«እኛ ጆንያ ስንዘጋ አፉን እናስራለን። ከረጢት ስንዘጋ እንቋጥራለን። ቆርጦ የሚዘጋ እስከ ዛሬ አላየሁም። በእናንተ ዘንድ ካለ አሳዩንና እንማር።»

ባለሥልጣኑ ሪባኑን አዩት። ማጭዶቹን አዩ። በጎቹን አዩ። አስተዋይ ሰው ነበሩ፤ ወይም በጣም ፈርተው ነበር። «ልክ ነዎት አባቴ» አሉና ከጅብራው ላይ ተርፎ የተንጠለጠለውን የሪባን ጫፍ ይዘው ቋጠሩት። ደገሙት። ሦስተኛ ሲቋጥሩ እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ ፎቶ ተነሣ። ጋሽ ወንድአፍራሽ ወደ ሕዝቡ ዞረው «ሰማችሁ? መንግሥትም ዘግቶታል!» አሉ። ሽማግሌዎቹ «ተዘግቷል!» ብለው ተቀበሉ። ሕዝቡ አጉረመረመ፤ በጎቹን መለሰ። አንዱ በአጠገቤ ሲያልፍ «ከነአህያዬ ሌሊት አስነሥተህ ቋጠሮ ልታሳየኝ ነው?» ብሎ ተራገመ። እውነቱን ነው።

ምሳ ላይ ከእንግዶቹ አንዱ፣ ከደሴት አገር የመጣ፣ ሦስት ጋቢ የተደረበለት ሰው አጠገቤ ተቀመጠ። በአስተርጓሚ አወራን። እሱም ለካ የአገሩ ፎካል ነው። በእነሱ ዘንድ ባሕሩ በየዓመቱ ወደ ቤታቸው እየቀረበ ነው። «ቅጹ ግን ዓምድ ስምንት ላይ የደጋ በግ ብዛት ይጠይቃል» አለኝ፣ በሐዘን። «እኛ በግ የለንም።»

«በቁጥር ነው?» አልኩት።

«በቁጥር። ሦስቴ መለሱብኝ።»

ተቃቀፍን። በዚያ ሁሉ ወር ውስጥ የተረዳኝ ሰው እሱ ብቻ ነበር። ማታም ሸዋዬ በሩን ከፈተችልኝ፤ ቁልፌን ግን ወዲያው አልመለሰችም።

የካቲት ገባ። በልጉ ቀረ። ደመናው ይመጣል፣ ያስገመግማል፣ ይሄዳል። ገብሱ ሳይዘራ መጋቢት ተጋመሰ። በጎቹ አጥንታቸው ታየ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ተሰብስበው «ከነገ ጀምሮ ለበግ ብቻ ይከፈታል፤ ማጭድ አይገባም፤ ከየቤቱ በተራ ነው» አሉ። ሪባን አልነበረም፤ ፎቶም አልነበረም። ሰው በተራው በጎቹን ነዳ። ያ ሦስት ዓመት የተጠበቀ ሣር እስከ ክረምቱ መግቢያ አቆያቸው።

ግንቦት ላይ ከላይ የክትትል ቅጽ መጣ። አቶ ደምሰው ቢሯቸውን ቆልፈው አሳዩኝ። «በአገር አቀፉ ዕቅድ መሠረት ተዘግቶ መቆየት የነበረበት የጓሳ መስክ ተከፍቶ ተገኝቷል። እርምጃው የተቋረጠበት ምክንያት ይገለጽ» ይላል። ምክንያቱ ድርቅ ነው ልል እስክሪብቶዬን አነሣሁ። ለድርቅ የታሰበ እርምጃ በድርቅ ምክንያት ተቋረጠ ተብሎ ይጻፋል? ራሴ ዞረብኝ። ደግሞ ከሥሩ በትንሹ «በቁጥር ብቻ» ይላል።

ቅጹን ይዤ አማቴ ዘንድ ወጣሁ። ምን እንደምሞላ ልጠይቃቸው ነበር። ስደርስ በጎቹ ከጓሳ እየወረዱ ነው። ጋሽ ወንድአፍራሽ ጋጣው አፍ ላይ ቆመዋል። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። አንድ በአንድ አሳለፉ። በጎቹ ከስተዋል፤ ግን በእግራቸው ይሄዳሉ። እኔም ሳላስበው አብሬያቸው እቆጥር ጀመር። የመጨረሻዋ ስትገባ ጋሼ የጋጣውን አፍ ዘጉ። ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

«ስንት አገኘህ ልጄ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። እዚያው ጋጣው ግንብ ላይ ቅጹን ዘርግቼ፣ የተቋረጠበት ምክንያት ከሚለው ፊት ለፊት 43 ብዬ ሞላሁና በማግሥቱ ላክሁት። አልተመለሰም። እስከ ዛሬም የምን አርባ ሦስት ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም።